የሾክ ሞገድ ሕክምና በአገናኝ ህብረ ሕዋስ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ፦ ከሸማኔ ጅማት እስከ ዝሆኔ ጠባሳ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የሾክ ሞገድ ሕክምና የጅማት ሕመምን ለማከም በብዙ አገሮች የሚሠራበት ዘዴ ነው። ይህ ጽሑፍ ሞገዱ በአገናኝ ህብረ ሕዋስ ውስጥ በሚገኙት ፋይብሮብላስት በተባሉ ሕዋሳት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ የታተሙ ጥናቶችን መሠረት አድርጎ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ ሞገዱ ለሕዋሱ የሚደርስ መልእክት ነው፤ የሕዋሱ ምላሽም በሞገዱ መጠንና ሕዋሱ አስቀድሞ በነበረበት ሁኔታ ይወሰናል የሚል ነው። ከዚህ በመነሣት በጋሞ ዞን ለሚታዩ ሁለት የጤና ችግሮች፣ ማለትም ለሸማኔዎች የጅማት ሕመምና ለፖዶኮኒዮሲስ፣ ግኝቶቹ ያላቸውን ትርጉም ያመለክታል።

1. መግቢያ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ ከ40 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ጉዞ ከቆላ ወደ ደጋ ይሸጋገራል። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ፣ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ መንገድ የሚገኘው የዶርዜ ማኅበረሰብ በሽመናው የታወቀ ነው። ሸማኔው እግሩን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ መርገጫዎቹን እያፈራረቀ ይረግጣል፤ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ለቁጥር በሚታክት ብዛት ይወረውራል። በትከሻ፣ በክርንና በእጅ አንጓ ጅማቶች ላይ የሚያርፈው ይህ ተደጋጋሚ ጫና ከዓመታት በኋላ ሥር የሰደደ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። የጋሞ ሸማኔዎች በብዛት የሚኖሩበት የአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳም የዚሁ ሙያ ሌላው ማዕከል ነው።

በዚያው ደጋ ሌላ ችግር አለ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር የሚሠሩ አርሶ አደሮች ፖዶኮኒዮሲስ ለተባለው፣ በተለምዶ ዝሆኔ ተብሎ ለሚጠራው የእግር እብጠት ይጋለጣሉ። ዝሆኔ የሚለው ስም በትንኝ በሚተላለፍ ትል ለሚመጣውም እብጠት ስለሚያገለግል፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከአፈር ጋር የተያያዘውን ብቻ የሚመለከት መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

እነዚህ ሁለት ችግሮች በመነሻቸውም ሆነ በመልካቸው ይለያያሉ። በሕዋስ ደረጃ ሲታዩ ግን ይገናኛሉ። በታመመው ጅማት ውስጥ ፋይብሮብላስት የተበላሸውን ኮላጅን በሥርዓት መጠገን ያቅተዋል፤ በዝሆኔ እግር ውስጥ ደግሞ ኮላጅንን ከልክ በላይ ያከማቻል። ስለዚህ አንድ መሣሪያ በዚህ ሕዋስ ላይ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ለሁለቱም ችግሮች ይጠቅማል። ጉዳዩን አሳሳቢ የሚያደርገው፣ ለአንዱ የሚበጀው ምላሽ ለሌላው ጉዳት ሊሆን መቻሉ ነው።

2. የሾክ ሞገድ ምንነት

የሾክ ሞገድ ከተለመደው የድምፅ ሞገድ የሚለየው ግፊቱ በሚነሣበት ፍጥነት ነው። ግፊቱ በጥቂት ናኖ ሰከንዶች ውስጥ አሻቅቦ እስከ 100 ሜጋ ፓስካል ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ከከባቢ አየር ግፊት 1,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ወዲያውኑ ይወርድና እስከ 10 ሜጋ ፓስካል ሊጠጋ የሚችል አሉታዊ ግፊት ይከተላል። ይህ ሁሉ የሚጠናቀቀው በ10 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ህብረ ሕዋሱን ይጨምቀዋል፤ ሁለተኛው ይለጥጠዋል። በሁለተኛው ምዕራፍ በፈሳሹ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች ተፈጥረው ስለሚፈርሱ በአካባቢያቸው ተጨማሪ ኃይል ያሳርፋሉ።

በሕክምና ቤቶች በአንድ ስም የሚጠሩት መሣሪያዎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ዓይነት ሞገዱን በሰውነት ውስጥ በተወሰነ ጥልቀት ላይ ያነጣጥራል። ራዲያል የሚባለው ሁለተኛው ዓይነት በታመቀ አየር የሚገፋ ጥይት መሰል ብረት በመሣሪያው ጫፍ ላይ እየመታ ሞገድ ይፈጥራል፤ ኃይሉ ቆዳው ላይ በርትቶ ወደ ውስጥ እየደከመ ይሄዳል። የራዲያል ሞገድ ግፊት የሚነሣው በማይክሮ ሰከንዶች በመሆኑ በፊዚክስ ትርጉም እውነተኛ የሾክ ሞገድ አይደለም። የጥናት ውጤቶችን የሚያነጻጽር ሰው በየትኛው መሣሪያ እንደተሠሩ አስቀድሞ ማረጋገጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ዘዴው ወደ ሕክምና የገባው በኩላሊት ጠጠር በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1980 ጀርመን ሙኒክ ውስጥ የመጀመሪያው ታካሚ የኩላሊት ጠጠር በሾክ ሞገድ ተሰባበረ። ቀጥሎም ሞገዱ በሚያልፍበት አጥንትና ለስላሳ አካል ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትኩረት ሳበ፤ አልገጥም ያሉ ስብራቶችን ለማከም ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለውስጥ እግር ጅማት ሕመም እንዲውል የመጀመሪያውን መሣሪያ ፈቀደ። ጠጠርን ለመስበር የታሰበ ኃይል በዚህ መንገድ በዝቅተኛ መጠን ሕያው ሕዋስን ለመቀስቀሻነት ዋለ።

3. ፋይብሮብላስት ሞገዱን እንዴት ይሰማል?

ፋይብሮብላስት የሚኖረው ራሱ በሠራው የኮላጅን መረብ ውስጥ ነው። በጅማት ውስጥ ያሉት ቴኖሳይት የሚባሉት የዚህ ቤተሰብ አባላት፣ በሸማ ላይ እንደተወጠረ ድር ጎን ለጎን በተሰለፉ የኮላጅን ክሮች መካከል ተደርድረው ይገኛሉ። ሕዋሱን ከዚህ መረብ ጋር የሚያስተሳስሩት ኢንቴግሪን የተባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ኢንቴግሪን በውጭ በኩል ኮላጅኑን፣ በውስጥ በኩል ደግሞ አክቲን የተባለውን የሕዋሱን ማገር ይይዛል። ስለዚህ መረቡ ሲሳብ ወይም ሲጨመቅ ሕዋሱ ይሰማዋል፤ ምልክቱም እስከ ኒውክሊየሱ ድረስ ይዘልቃል።

የሾክ ሞገድ ሲያልፍ ከሚታዩት ቀዳሚ ክስተቶች አንዱ ኤቲፒ ከሕዋሱ ወደ ውጭ መውጣቱ ነው። ኤቲፒ በሕዋስ ውስጥ የኃይል ምንጭ ሲሆን፣ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ለጎረቤት ሕዋሳት መልእክተኛ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የቤተ ሙከራ ጥናት፣ የወጣው ኤቲፒ በሕዋሱ ገጽ ላይ ያሉትን ተቀባዮች በማነቃቃት ኢአርኬ የተባለውን የምልክት መስመር እንደሚከፍትና የሕዋሳትን መባዛት እንደሚያፋጥን አሳይቷል።

ከዚህ በኋላ የሚመጡት ለውጦች ሰዓታትና ቀናት ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በጥንቸሎች ላይ የተደረገ ጥናት ጅማት ከአጥንት ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ አዳዲስ የደም ሥሮች መፈጠራቸውንና የደም ሥር እድገትን የሚያነሣሣው ቪኢጂኤፍ የተባለው ፕሮቲን መጨመሩን ዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ጅማታቸው በኢንዛይም በተጎዳ አይጦች ላይ ቲጂኤፍ-ቤታ 1 እና አይጂኤፍ-1 የተባሉት የእድገት አነሣሽ ፕሮቲኖች ከፍ ማለታቸው ታይቷል። ታካሚው ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ከሳምንታት በኋላ ለውጥ ሊሰማው የሚችለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ሞገዱ በማይክሮ ሰከንድ ያልፋል፣ ሕዋሱ የሚጀምረው ሥራ ግን በባዮሎጂ ፍጥነት ይሄዳል።

4. መጠን

የሾክ ሞገድ መጠን ብዙውን ጊዜ የሚለካው በእያንዳንዱ ምት በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ በሚያርፈው ኃይል ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሮምፔና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የጥንቸል ጥናት እስከ ዛሬ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይጠቀሳል። አኪለስ የተባለውን የተረከዝ ጅማት በ0.08፣ በ0.28 እና በ0.60 ሚሊጁል በካሬ ሚሊ ሜትር መጠን በ1,000 ምቶች ፈተኑት። በዝቅተኛው መጠን ጉዳት አልታየም፤ በመካከለኛው ጊዜያዊ እብጠት ታየ፤ በከፍተኛው ግን ጅማቱና በዙሪያው ያለው ህብረ ሕዋስ ተጎዳ። አጥኚዎቹ ከ0.28 በላይ የሆነ መጠን ለጅማት ሕክምና እንዳይውል መክረዋል።

ከዚህ የምንረዳው መጠኑ ሲጨምር ምላሹ በመጠን ብቻ ሳይሆን በዓይነትም እንደሚለወጥ ነው። ዝቅተኛው መጠን ሕዋሱን ይቀሰቅሳል፤ ከፍተኛው ይገድላል። ስለሆነም «ታካሚው የሾክ ሞገድ ተሰጥቶታል» የሚል መዝገብ የመሣሪያውን ዓይነት፣ የኃይል መጠኑን፣ የምቶቹን ብዛትና በክፍለ ጊዜዎች መካከል ያለውን ልዩነት ካልያዘ፣ የመድኃኒቱን ስም ጠቅሶ ሚሊግራሙን እንደማይገልጽ ማዘዣ ይቆጠራል።

5. ጤናማ ሕዋስና ጠባሳ ሠሪ ሕዋስ

ለዚህ ጽሑፍ ቁልፍ የሆነው ንጽጽር በሁለት የቤተ ሙከራ ጥናቶች መካከል ያለው ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሲሆን ጤናማ ፋይብሮብላስቶችን ይመለከታል። ከሞገዱ በኋላ በመጀመሪያ የሕያዋን ሕዋሳት ቁጥር ቀነሰ፤ በቀጣዮቹ ቀናት ግን መባዛታቸው ጨመረ፤ የቲጂኤፍ-ቤታ 1፣ የኮላጅን 1 እና የኮላጅን 3 ጂኖች ንቃትም ከፍ አለ። ባጭሩ ጤናማው ሕዋስ ለሞገዱ የሰጠው ምላሽ ግንባታ ነበር።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሲሆን ከሰው ቆዳ ጎላ ብሎ ከወጣ ጠባሳ የተወሰዱ ፋይብሮብላስቶችን ይመለከታል። እነዚህ ሕዋሳት አስቀድሞም ኮላጅን በብዛት የሚያመርቱ ናቸው። በእነሱ ላይ ሞገዱ ሲያርፍ ቲጂኤፍ-ቤታ 1፣ ኮላጅን 1 እና አልፋ-ኤስኤምኤ የተባለው የመኮማተር ፕሮቲን ቀነሱ። እዚህ ላይ ምላሹ መርገብ ሆነ። ከታመመ የሰው ጅማት በተወሰዱ ቴኖሳይቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የተደረገ ሌላ ጥናትም ኮላጅንን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችና ብግነትን የሚያባብሱ መልእክተኛ ፕሮቲኖች መቀነሳቸውን ዘግቧል።

እነዚህ ውጤቶች ላይ ላዩን ሲታዩ የሚቃረኑ ይመስላሉ። አንዱ ጥናት ቲጂኤፍ-ቤታ 1 ጨመረ ይላል፤ ሌላው ቀነሰ። ሆኖም የሕዋሱን መነሻ ሁኔታ ከግምት ብናስገባ ቅራኔው ይላላል። ሥራ የፈታ ሕዋስ ይቀሰቀሳል፤ ከልክ በላይ የሚሠራ ሕዋስ ይረጋጋል። ይህ ትርጓሜ ማራኪ ቢሆንም በጥንቃቄ መያዝ አለበት፤ ጥናቶቹ የተለያየ መሣሪያ፣ የተለያየ መጠንና የተለያየ የሕዋስ ምንጭ የተጠቀሙ ናቸውና። ትርጓሜውን በትክክል ለመፈተን ሁለቱን የሕዋስ ዓይነቶች ጎን ለጎን፣ በአንድ መሣሪያና በአንድ መጠን መመርመር ያስፈልጋል።

ሌላም ገደብ አለ። በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያለ ሕዋስ የሚደርሰው ሞገድ በሰውነት ውስጥ ካለው የተለየ ነው። ሞገዱ ከፈሳሽ ወጥቶ አየር ሲያጋጥመው ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ስለሚንጸባረቅ፣ የተመለሰው ሞገድ ሕዋሱን በተቃራኒ ምልክት እንደገና ይመታዋል። ይህን ለመቀነስ አንዳንድ ቤተ ሙከራዎች ዕቃውን በሞቀ ውኃ መታጠቢያ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ይህ ጥንቃቄ ያልተገለጸበት ጥናት የመጠን አኃዙ ትክክለኛነት አጠራጣሪ ነው።

6. ለሸማኔው ምን ትርጉም አለው?

በሕዋስ ደረጃ የታየው ተስፋ በታካሚ ላይ ሁልጊዜ አልተደገመም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የኮክሬን ግምገማ ለውጭ ክርን ሕመም የሾክ ሞገድ ጥቅም እጅግ አነስተኛ ወይም የለም ማለት ይቻላል ሲል ደምድሟል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የትከሻ ጅማት ግምገማም ለታካሚው ትርጉም ያለው ጥቅም ጥቂት መሆኑን ገልጿል። ክርንና ትከሻ ደግሞ ሸማኔው በሥራው ዘወትር የሚያደክማቸው መጋጠሚያዎች ናቸው።

የተሻለ ተስፋ የሚታየው ሞገዱ ከእንቅስቃሴ ሕክምና ጋር ሲጣመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮምፔና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ሌላ ጥናት የአኪለስ ጅማት ሕመም ያለባቸው ሰዎች የባት ጡንቻን እየዘረጉ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ብቻቸውን ከሠሩት ይልቅ፣ እንቅስቃሴውን ከሾክ ሞገድ ጋር ያጣመሩት የበለጠ ተሽሏቸዋል። ይህ ከላይ ካየነው የሕዋስ ሥነ ሕይወት ጋር ይጣጣማል። ሞገዱ ቴኖሳይቱን ይቀሰቅሳል፤ አዲሱ ኮላጅን በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሰለፍ የሚወስነው ግን ጅማቱ በየቀኑ የሚሸከመው የተመጠነ ጫና ነው። ድሩ ሳይወጠር የተወረወረ ማግ ጨርቅ እንደማይሆን ሁሉ፣ ጫና የሌለበት ጅማትም ሥርዓት ያለው ኮላጅን አይሠራም።

ስለዚህ ለጋሞ ሸማኔ የመጀመሪያው ሕክምና ውድ መሣሪያ አይደለም። የመቀመጫውን ከፍታ ማስተካከል፣ በሥራ መካከል ዕረፍት መውሰድና በባለሙያ የተመራ የማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ይቀድማሉ። የሾክ ሞገድ ቦታ ካለው እነዚህ ለወራት ተሞክረው ውጤት ሳያስገኙ ሲቀሩ በተጨማሪነት ነው።

7. ለፖዶኮኒዮሲስስ?

ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ በሽታውን ያጠናው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ ቃሉ ከግሪክኛ እግርና አቧራ ከሚሉት ቃላት የተወሰደ ነው። የአፈር ቅንጣቶች በቆዳ በኩል ገብተው በሊምፍ ሥሮች ላይ ብግነት ያስነሣሉ፤ ከጊዜ በኋላ ሥሮቹ ይጠባሉ፣ በዙሪያቸውም ኮላጅን ይከማቻል። በጎረቤት ወላይታ የተካሄደውና ፋሲል ተኮላ አየለ በዋና ጸሐፊነት እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያሳተመው ጥናት፣ ተጋላጭነቱ የሰውነት መከላከያ ሥርዓትን ከሚመሩት የኤችኤልኤ ጂኖች ጋር እንደሚያያዝ አረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን እ.ኤ.አ. በ2011 ከተዘነጉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ መድቦታል። በኢትዮጵያ የታማሚዎቹ ቁጥር ከ1.5 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ተገምቷል።

የሾክ ሞገድ እዚህ ሊረዳ ይችላል የሚለው ሐሳብ መሠረት የለሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ጃፓን ውስጥ በጥንቸል ጆሮ ላይ የተፈጠረ የሊምፍ እብጠት በዝቅተኛ የሾክ ሞገድ ቀንሷል፤ አዲስ የሊምፍ ሥር እድገትም ታይቷል። ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ክንዳቸው ባበጠ ጥቂት ሴቶች ላይ በተደረጉ ትንንሽ ጥናቶችም የእብጠትና የቆዳ ውፍረት መቀነስ ተዘግቧል።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ በቀጥታ ወደ ዝሆኔ እግር መዝለል ሦስት እንቅፋቶች አሉት። አንደኛ፣ ጥንቸሉና የካንሰር ታካሚዋ ሊምፍ የታገደባቸው በጉዳት ወይም በቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ በፖዶኮኒዮሲስ ግን የብግነቱ መንስኤ የሆነው ቅንጣት በህብረ ሕዋሱ ውስጥ ይቆያል። መንስኤው ባለበት ፋይብሮብላስትን መቀስቀስ ጠባሳውን ሊያባብስ ይችላል። ሁለተኛ፣ የቆየ ዝሆኔ ቆዳ ይሻክራል፣ እባጮችና ስንጥቆች ይበዙበታል። በስንጥቆቹ መካከል የሚቀረው አየር ሞገዱን ስለሚያንጸባርቅ፣ ቅባት ቢቀባም ወደ ውስጥ የሚገባው መጠን ከመሣሪያው አኃዝ በእጅጉ ሊያንስ ይችላል። ሦስተኛ፣ ታማሚዎች ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ያለበት ድንገተኛ ግርሻት በየጊዜው ያጋጥማቸዋል። አጣዳፊ ኢንፌክሽን ባለበት ሥፍራ ይህን ሕክምና መስጠት ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ ከታካሚ በፊት ሕዋሱ መጠየቅ አለበት። ተገቢው የምርምር ቅደም ተከተል በታካሚው ሙሉ ፈቃድና በሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ ከተጎዳ ቆዳ የሚወሰድን ፋይብሮብላስት ከጤናማ ሰው ፋይብሮብላስት ጋር ጎን ለጎን ማሳደግ፣ በተለያየ መጠን ሞገድ መፈተን፣ የኮላጅን 1፣ የአልፋ-ኤስኤምኤና የቲጂኤፍ-ቤታ 1 ለውጥ መለካት ነው። ምላሹ እንደ ጠባሳው ሕዋስ መርገብ ከሆነ ወደ ቀጣዩ ደረጃ መሄድ ይቻላል። ምላሹ ግንባታ ከሆነ ግን ሐሳቡ እዚያው መቆም አለበት። ይህ አሉታዊ ውጤት ቢሆንም ሰዎችን ከጉዳት ስለሚያድን ሊታተም የሚገባው ነው።

እስከዚያው የሚሠራው ሕክምና በእጃችን አለ። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ታማሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት እግርን በሳሙናና ውኃ መታጠብ፣ በበረኪና በተበረዘ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ እንቅስቃሴ ማድረግና ጫማ መጫማት የድንገተኛ ግርሻቱን ብዛት በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ማንኛውም አዲስ ዘዴ መወዳደር ያለበት ምንም ካለማድረግ ጋር ሳይሆን ከዚህ ጋር ነው።

8. መደምደሚያ

የሾክ ሞገድ ለፋይብሮብላስት የሚደርስ አጭር መካኒካዊ መልእክት ነው። መልእክቱ በኢንቴግሪን፣ በኤቲፒና በእድገት አነሣሽ ፕሮቲኖች በኩል ተተርጉሞ የኮላጅንን ሥራ ይለውጣል፤ የለውጡ አቅጣጫ ግን በመጠኑና በሕዋሱ መነሻ ሁኔታ ይወሰናል። በጅማት ሕመም ላይ የተገኘ ውጤት ለዝሆኔ ማስረጃ ሊሆን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። ለሸማኔው የሾክ ሞገድ ከተመጠነ ጫናና ከተስተካከለ አሠራር ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ለዝሆኔ ታማሚው ደግሞ ዛሬ ውኃ፣ ሳሙናና ጫማ፣ ነገ ግን በራሱ ሕዋስ ላይ የተመሠረተ ጥናት ያስፈልገዋል። ሕዋሱም ሕመምተኛውም እዚሁ በደጋው ስላሉ፣ ይህን ጥናት ለመጀመር በጋሞና በዙሪያው የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከማንም የተሻለ ቅርበት አላቸው።